ውጤቱ «ኖርማል» ቢልም፦ ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ የደም ምርመራ ወረቀትን የማንበቢያ መመሪያ

«ውጤቴ ኖርማል ነው ተባልኩ፤ ታዲያ ትንሽ ዳገት ስወጣ ልቤ ለምን እንዲህ ይመታል? ፀጉሬስ ለምን ይረግፋል?» ቀዶ ጥገናውን አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር አሠርተው ጎንደር ከተመለሱ ሰዎች ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። መልሱ ብዙ ጊዜ ያው ወረቀቱ ላይ አለ። የሚያመልጠን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስለምናይ፣ ከጎናቸውም የ«ከፍ» ወይም የ«ዝቅ» ምልክት ካላየን ስለምናልፋቸው ነው። ይህ መመሪያ ቁጥሮቹን በቡድን በቡድን፣ ከራስዎ ያለፈ ውጤት ጋር እያስተያዩ እንዲያነቡ ይረዳዎታል። ሐኪምዎን አይተካም፤ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚጠይቁ ግን ያውቃሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከቀዶ ጥገናው በፊት የተሠራ የደም ውጤት፣ ካለዎት። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።
- የቀዶ ጥገናው ዓይነት የተጻፈበት የሆስፒታል ወረቀት። ስሊቭ ከሆነ አብዛኛው የጨጓራ ክፍል ወጥቷል፤ ስለዚህ አሲድም፣ ቢ12ን ለመምጠጥ የሚረዳው ፕሮቲንም ቀንሷል። ባይፓስ ከሆነ ደግሞ ምግቡ ከዚህ በተጨማሪ የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ዘሎ ያልፋል። ብረትና ካልሲየም በብዛት የሚመጠጡት እዚያ ነው።
- የሚወስዷቸው ኪኒኖች ከነማሸጊያቸው። «ቫይታሚን እወስዳለሁ» ማለት አይበቃም፤ መጠኑ መታየት አለበት።
- አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የስልክዎ ካልኩሌተር።

1. ደም ከመስጠትዎ በፊት ያሉትን ቀናት ያስተካክሉ

የተሳሳተ ዝግጅት ትክክለኛ መሣሪያንም ያሳስታል።

ስኳርና ቅባት የሚለካ ከሆነ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል። «8 ሰዓት ጹሙ» ሲባል «ከ8 ሰዓት ጀምሮ» ብለው የሚረዱ ብዙ ናቸው። ቀላሉ ዘዴ ማታ 2 ሰዓት ላይ እራት ጨርሶ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም መስጠት ነው፤ 12 ሰዓት ይሞላል። ቡናና ሻይ፣ ያለ ስኳርም ቢሆን፣ ይቅሩ። ንጹሕ ውሃ ግን ይጠጡ። ትንሽ ጨጓራ ያለው ሰው ቶሎ ውሃ ያንሰዋል፤ ውሃ ሲያንስ ደግሞ ደሙ ይወፍርና ሄሞግሎቢኑም (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን)፣ አልቡሚኑም (ሌላው የደም ፕሮቲን)፣ ዩሪያውም (በኩላሊት የሚወጣው ቆሻሻ) ካለው በላይ ሆኖ ይታያል። በጾም ወቅት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቆይተው ደም መስጠት ለዚህ አይመችም።

የብረት ኪኒን ለ24 ሰዓት ያቁሙ፤ ጠዋት የተዋጠ ኪኒን በደም ውስጥ ያለውን የብረት መጠን ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ያደርገዋል።

ለፀጉር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን ከወሰዱ ቢያንስ ለ3 ቀን ያቁሙና ለላቦራቶሪው ይንገሩ። በ5 ወይም 10 ሚሊግራም የሚመጣው ባዮቲን የሆርሞንና የቫይታሚን መለኪያ መሣሪያዎችን ያደናግራል፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሳይታወክ የታወከ፣ ቫይታሚን ዲ ዝቅ ብሎ ሳለ በቂ የሆነ ያስመስላል። ፀጉር የሚረግፈው አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶ ጥገናው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሰው ባዮቲን የሚጀምረውም ምርመራው በሚሠራበት በዚያው ሰሞን ነው።

የቢ12 መርፌ የሚወጉ ከሆነ ደሙን ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ይስጡ። ትኩሳት ወይም ጉንፋን ይዞዎት ከሆነና ምርመራው አስቸኳይ ካልሆነ፣ ሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ ምክንያቱን 4ኛው ላይ ያገኙታል።

2. ወረቀቱን ወደ ደብተር ይገልብጡ

በግራ በኩል የምርመራውን ስም፣ ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ መለኪያውን፣ ከዚያ ላቦራቶሪው ያተመውን ወሰን ይጻፉ። ከጎኑ ያለፈውን ውጤት ያስቀምጡ። ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ይጻፉ፤ ማሽኑ የሚያትመው በአውሮፓውያኑ ስለሆነ ከዓመት በኋላ የትኛው ወረቀት የትኛውን እንደሚቀድም ግራ ይገባል።

መለኪያውን አይዝለሉ። ቢ12 በአንዱ ላቦራቶሪ በፒኮግራም በሚሊሊትር፣ በሌላው በፒኮሞል በሊትር ይመጣል፤ 200 ፒኮግራም ማለት 148 ፒኮሞል ያህል ነው። ቫይታሚን ዲ በናኖግራም 30 ከሆነ በናኖሞል 75 ነው፤ በ2.5 ያባዙ። ውጭ አገር ያሠሩትን ከጎንደሩ ጋር ሲያስተያዩ «በግማሽ ወረደብኝ» ብለው የደነገጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የተለወጠባቸው መለኪያው ነው።

3. ከሲቢሲ ይጀምሩ፦ ሄሞግሎቢን፣ ኤምሲቪ፣ አርዲደብሊው

ሲቢሲ የደም ሴሎች ቆጠራ ነው፤ ከውስጡ እነዚህን ሦስቱን አብረው ይዩ።

ሄሞግሎቢን ለሴት ከ12፣ ለወንድ ከ13 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። እነዚህ ቁጥሮች ግን ለዝቅተኛ ቦታ የተቀመጡ ናቸው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ከፍታ ለሚኖር ሰው ከተገኘው ቁጥር ላይ እንዲቀነስ ይመክራል፤ በቀድሞው ሠንጠረዥ 0.8 ግራም ያህል፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ደግሞ 1.4 ግራም። በዚህ ስሌት 12.5 ያላት የጎንደር ሴት ወረቀቷ ላይ ምንም ምልክት ባይኖርም ደም ማነስ ሊኖርባት ይችላል። ተቀናሹን ግን እንደ ፍርድ አይያዙት፤ የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን እንደ ሌሎች ተራራማ አገሮች ሕዝብ እንደማይጨምር ያሳዩ ጥናቶች አሉ። የሚያዋጣው ሁለት ነገር ማድረግ ነው፦ ከራስዎ የቀድሞ ቁጥር ጋር ማስተያየትና ፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ) ማሠራት። ከ14 ወደ 12.5 መውረድ፣ ወሰን ውስጥ ቢሆንም፣ ምክንያት የሚፈለግለት መውረድ ነው።

ኤምሲቪ የቀይ ደም ሴል አማካይ መጠን ነው፤ ከ80 እስከ 100 ይጠበቃል። ብረት ሲያልቅ ሴሎቹ ያንሳሉ፤ ቢ12 ወይም ፎሌት (ቢ9 የሚባለው ቫይታሚን) ሲያንስ ይተልቃሉ። ሁለቱ አብረው ሲጎድሉ ግን ትንንሹና ትልልቁ ይደባለቅና አማካዩ 88 ወይም 90 ይሆናል፤ ፍጹም ጤነኛ ይመስላል። ይህን የሚያጋልጠው አርዲደብሊው ነው፤ ሴሎቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ ይለካል። ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ኤምሲቪው ቢያምርም አይመኑት።

4. ብረት፦ ፌሪቲንን አስቀድመው ይዩ

ፌሪቲን የብረት ጎተራ ነው። ሄሞግሎቢን የሚወርደው ጎተራው ባዶ ከሆነ በኋላ ስለሆነ፣ ፌሪቲን ወራት ቀድሞ ይናገራል። ከ15 ናኖግራም በሚሊሊትር በታች ማለት ጎተራው አልቋል ማለት ነው፤ ከ30 በታች ከሆነም ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ሕክምናውን ከሐኪሙ ጋር መጀመር አለበት። በረዶ የመብላት ወይም አፈር የመላስ አምሮት፣ ማታ ማታ እግርን አላስቀምጥ የሚል ስሜት የዚሁ የብረት ማነስ ምልክቶች ናቸው። ሰው ያፍርበታል፤ ለሐኪሙ ግን መነገር አለበት።

ፌሪቲን አንድ ጉድለት አለው፤ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ሲኖር ከፍ ይላል። ጉንፋን ይዞዎት የተገኘ 60 እውነተኛው 20 ሊሆን ይችላል። የብግነት መለኪያ የሆነው ሲአርፒ አብሮ ከተሠራ ይለያል። ካልተሠራ ደግሞ የብረቱን ቁጥር ለቲአይቢሲ (ደሙ ብረት የመሸከም አቅሙ) አካፍለው በ100 ያባዙ፤ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ብረት አንሷል የሚለው ይጠናከራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አይርሱ። ብረት ያነሰው ሁልጊዜ በቀዶ ጥገናው ብቻ አይደለም። የወር አበባ መብዛት፣ የመንጠቆ ትል፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ኤች ፓይሎሪ ያመጡት ሊሆን ይችላል። የሰገራ ምርመራው ርካሽ ነው፤ አብሮ እንዲታዘዝ ይጠይቁ። ደሙ በሌላ ቀዳዳ እየፈሰሰ ኪኒን መጨመር ማሰሮውን አይሞላውም።

ስሊቭ ወይም ባይፓስ ላደረገ ሰው፣ በተለይ የወር አበባ ለምታይ ሴት፣ ለመከላከያ የሚመከረው በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ንጥረ ብረት ነው። ማሸጊያው ላይ «300 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት» የሚለው የጨዉ ክብደት ነው፤ ውስጡ ያለው ንጥረ ብረት 60 ያህል ነው። ከካልሲየም ኪኒን ቢያንስ በ2 ሰዓት ያራርቁት፤ ሁለቱ በአንድ በር ስለሚሻሙ። ከቡናም እንዲሁ። ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ሲቀመጡ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ብረቱን ከዚያ አስቀድመው ወይም ከበረካው ሁለት ሰዓት በኋላ በብርቱካን ወይም በሎሚ ውሃ ይውሰዱ። ጤፍ ብረት አለው ብሎ ኪኒኑን መተውም አያዋጣም፤ የእህል ብረት ለጤነኛ አንጀትም ቢሆን በቀላሉ አይመጠጥም።

ሕክምና ከተጀመረ በ3 ወር እንደገና ያሠሩ። ኪኒኑን በትክክል ወስደው ፌሪቲኑ ካልተነቃነቀ አንጀቱ አልተቀበለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ በደም ሥር ስለሚሰጥ ብረት ይጠይቁ።

5. ቢ12 እና ፎሌት

ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያስቀምጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ማማሩ ለሦስተኛው ዓመት ዋስትና አይሆንም። ከ200 ፒኮግራም በታች ጉድለት ነው። ከ200 እስከ 300፣ እንዲያውም እስከ 400፣ ግራጫ ቦታ ነው፤ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ማቃጠል፣ መርሳት ካለ እንደ ጉድለት ይታያል። ኤምኤምኤ የሚባለው ምርመራ ይለየዋል፤ በየላቦራቶሪው ስለማይሠራ ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ ሊላክ ይችላል።

ለመከላከያ በቀን ከ350 እስከ 1,000 ማይክሮግራም በአፍ፣ ወይም በወር 1,000 ማይክሮግራም በመርፌ ይሰጣል። ቢ12 ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው የሚገኘው። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም፣ በረቡዕና በዓርብም ላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይነኩ ከሆነ፣ ኪኒኑን ወይም መርፌውን በጾሙ ማቋረጥ አደጋ ነው።

ፎሌት ብቻውን አይውሰዱ። ደሙን አስተካክሎ የቢ12 ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ነርቩ ግን ዝም ብሎ ይጎዳል።

6. አጥንት፦ ካልሲየም ሲያታልል

የደም ካልሲየም ብዙ ጊዜ ጥሩ ሆኖ የሚታየው ሰውነት ከአጥንት እየቆረሰ ስለሚሞላው ነው። ቆራሹ ፒቲኤች የተባለው ሆርሞን ነው። ስለዚህ ሦስቱን ባንድ ይዩ፦ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፒቲኤች።

ቫይታሚን ዲ ከ30 ናኖግራም በላይ ይፈለጋል፤ ከ20 በታች ጉድለት ነው። ፒቲኤች ባብዛኛው ከ15 እስከ 65 ነው። ካልሲየም ደህና፣ ዲ ዝቅ፣ ፒቲኤች ከፍ ካለ አጥንትዎ እየከፈለ ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ (ከአጥንትም ከጉበትም የሚወጣ ኤንዛይም) አብሮ ከፍ ካለ ይህን ያጠናክራል፤ ግን ያ ቁጥር ከሐሞት ጠጠርም ሊመጣ ይችላል፤ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ጠጠር ይፈጠራል።

አልቡሚንዎ ዝቅ ካለ ካልሲየሙን ያርሙት፦ 4 ሲቀነስ አልቡሚን፣ ሲባዛ በ0.8፣ ሲደመር የተገኘው ካልሲየም። አልቡሚን 3.0፣ ካልሲየም 8.2 ቢሆን የታረመው 9.0 ነው፤ ዝቅ አላለም።

የካልሲየም ኪኒን በቀን በጠቅላላ ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊግራም፣ ባንድ ጊዜ ግን ከ500 ወይም 600 ያልበለጠ ይወሰዳል። ካርቦኔት ከሆነ ከምግብ ጋር፤ ሲትሬት አሲድ ስለማይፈልግ በማንኛውም ሰዓት። ዲ3 በቀን 3,000 ዩኒት የሚጀመር ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ30 እስኪያልፍ ይስተካከላል። «ፀሐይ አገር ነን» የሚለው አያድንም፤ ነጠላ ተከናንቦ ቢሮ ለሚውል ሰው ፀሐይዋ ቆዳው ላይ አትደርስም።

7. የቀሩትን በፍጥነት

አልቡሚን ከ3.5 በታች ከሆነና እግር ካበጠ ፕሮቲን አንሶ ሊሆን ይችላል። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልጋል። በፍስክ እንቁላልና ዓሣ፣ በጾም ምስር፣ ሽምብራና ወፈር ያለ ሽሮ ከእንጀራው አስቀድመው ይብሉ፤ ትንሹ ጨጓራ በእንጀራ ከሞላ ቦታ የለም። የኩላሊት መለኪያው ክሬያቲኒን መውረዱ ጡንቻ በመቀነሱ ሊሆን ይችላል። የጉበት ኤንዛይምና ዩሪክ አሲድ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትንሽ ከፍ ማለታቸው የተለመደ ነው፤ በ6 ወር ካልወረዱ ይጠየቅ። የ3 ወር ስኳር የሚባለው ኤችቢኤዋንሲ ብረት ሲያንስ ካለው በላይ ሆኖ ይታያል፤ ብረቱን ሳያዩ «ስኳሬ ተመለሰ» አይበሉ። ዚንክ በራስዎ ፈቃድ አይጨምሩ፤ ሲበዛ መዳብን ያወርዳል፤ የመዳብ ማነስ ደግሞ ራሱ ደም ማነስና የመራመድ ችግር ያመጣል።

8. አንድ ወረቀት አብረን እናንብብ

ባይፓስ ካደረገች 18 ወር የሆናት የ35 ዓመት ሴት ውጤት ነው እንበል፦

ሄሞግሎቢን 12.4 (ከዓመት በፊት 14.1)፤ ኤምሲቪ 88፤ አርዲደብሊው 17.2፤ ፌሪቲን 8፤ ቢ12 195፤ ካልሲየም 8.7፤ አልቡሚን 3.9፤ ቫይታሚን ዲ 14፤ ፒቲኤች 92፤ ኤችቢኤዋንሲ 5.9።

የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ያየ ሰው ሄሞግሎቢንና ኤምሲቪ ላይ ምልክት ስለሌለ «ደምሽ ደህና ነው» ይላታል። በቡድን ሲነበብ ግን ሄሞግሎቢኗ በ1.7 ወርዷል፤ አርዲደብሊው ትንንሽና ትልልቅ ሴል መደባለቁን ይናገራል፤ ፌሪቲንና ቢ12 ሁለቱም መጉደላቸውን ያረጋግጣሉ። ካልሲየሟ ደህና ሆኖ የተገኘው ፒቲኤች ከአጥንቷ ስለሚወስድ ነው። ስኳሩን ብረቷ ከተሞላ በኋላ መድገም ይሻላል። ለሐኪሟ ይዛ የምትሄዳቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ብረቱ በአፍ ይበቃኛል ወይስ በደም ሥር? ቢ12ን በመርፌ ልጀምር? የዲ መጠኔ ስንት ይሁን፣ መቼስ ይደገም?

ማስጠንቀቂያ፦ የምርመራ ውጤት ሳይጠብቁ እርምጃ የሚወስዱባቸው ሁኔታዎች

- ከ2 ወይም 3 ቀን በላይ የዘለቀ ትውከት። የቢ1 ማለትም የታያሚን ክምችት በሳምንታት ያልቃል። ነገር መደባለቅ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ከተጨመረ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ባለው። ሲደርሱ «የጨጓራ ቀዶ ጥገና አድርጌያለሁ፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ታያሚን ይሰጠኝ» ይበሉ። ያለ ታያሚን የሚገባ ግሉኮስ የቀረችውን ጥቂት ቢ1 ጨርሶ አንጎልን ይጎዳል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለቤተሰብዎም ያስጠኑ፤ እርስዎ መናገር ላይችሉ ይችላሉ።
- እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ የሚከረፋ ጥቁር ሰገራ፤ የውስጥ መድማት ምልክት ሊሆን ይችላል። የብረት ኪኒንም ያጠቁራል፤ ግን አያጣብቅም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በተለይ ባይፓስ ላደረገ ሰው ቁስለት ስለሚያመጡ፣ ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሲገዙ ለፋርማሲው ይንገሩ።
- ነፍሰ ጡር ከሆኑ የሚጠጣውን የስኳር ምርመራ ከመቀበልዎ በፊት ባይፓስ ማድረግዎን ይናገሩ። የሚጠጣው ስኳር ድንገተኛ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል፤ በምትኩ ስኳሩን በጣት ደም ለተወሰኑ ቀናት መከታተል ይቻላል።

የተለመዱ ስህተቶች

ቫይታሚኑን እየወሰዱ ውጤቱ ሲያምር ማቆም፤ ያማረው በመውሰድዎ ነው። ምርመራውን በየጊዜው በሌላ ላቦራቶሪ ማሠራት፤ ከቻሉ አንዱን ይዘው ይቆዩ፣ መሣሪያው ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን ብረትና ፎሌት ወስዶ ሁሉንም ሞላሁ ማለት፤ ቢ12 የለውም። እና ሲቢሲ ብቻ አሠርቶ «ሙሉ ምርመራ» ብሎ መመለስ፤ ፌሪቲን፣ ቢ12፣ ዲና ፒቲኤች በስም ካልታዘዙ አይሠሩም።

9. የሚቀጥለውን ቀን ይጻፉ

ምርመራው በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ዕድሜ ልክ ይደገማል። መስከረም ላይ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ታኅሣሥ፣ መጋቢትና መስከረም ይሠራል። መጋቢት ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት አስቀድሞ ማሠራት ይሻላል፤ ብረቱ ወይም ፕሮቲኑ አንሶ ከተገኘ ሐኪምዎንም የንስሐ አባትዎንም ለማማከር ጊዜ ይኖርዎታል። ቀኑን ከላቦራቶሪው ሳይወጡ ደብተርዎ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፉት።